ሻለቃውን የሚፈራው ሽጉጥ

ከውትድርና ወጥቼ ቃሊቲ በሚገኝ የጥበቃ ድርጅት ለመሣሪያ ጥገና የተቀጠርኩ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ ሻለቃ ደምሴ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ በሩ አዩ።

«ጠጋኙስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፤ ሃምሳ አለቃ ብዙነሽ።»

ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ ሽጉጥ አውጥተው ፊቴ አኖሩ። ካዝናውን አወለቅኩ፤ ጥይት አለመኖሩን አየሁ፤ ፈታትቼ መልሼ ገጠምኩት። «ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉኝ። ጡረታ የወጣ ሻለቃ ይቅርታ የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው።

ብረቱ አስቸግሮኝ አያውቅም፤ የሚያስቸግሩኝ ሰዎቹ ናቸው። ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚጠብቅ አንዱ ሽጉጡን በምግብ ዘይት ቀብቶ መጣ። «ምን አለበት፣ ያው ዘይት አይደል?» አለኝ። «እንግዲያው ሚስትህ ወጡን በሞተር ዘይት ትሥራልህ» አልኩት። አኩርፎኝ ከረመ።

አዲሶቹ ሽጉጦች የመጡት ኋላ ነው። በተተኮሱ ቁጥር ባዶውን ቀለህ በቀኝ በኩል ራሳቸው አስፈንጥረው የሚቀጥለውን ጥይት የሚያጎርሱ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ለሰይድ ደረሰው።

ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ በር የሚሞላ ግዙፍ፣ ትህትናው ግን ከቁመቱ ይበልጣል። ለዓመታት መኪና ማቆሚያ በዱላ ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን «የታጠቀ ዘብ ሆኛለሁ» ብሎ ለአማቶቹ አስቀድሞ አውርቷል፤ እነሱም ኮዬ ፈጬ ቤቱ ድረስ መጥተው መርቀውታል። የተኩስ ፈተናውን ከወደቀ ወደ ዱላው መመለሱ ነው።

ፈተናው የሚሰጠው በአንድ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር። ሰይድ ሻለቃው ፊት ቀርቦ ተኮሰ። ቀለሁ ሳይወጣ ቀረ፤ የሚኒባስ በር እንደያዘው ተሳፋሪ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ቆመ። አጸዳሁለትና ደገመ። እንደገና ያዘ።

«ብዙነሽ! ይኼ ነው አዲስ ያልሽኝ?» አሉ ሻለቃው።

ወደ ወርክሾፕ ወስጄ ፈታሁት። የፋብሪካውን ወፍራም ግራሶ አጠብኩ፤ ካዝናውን ቀየርኩ፤ ሞላውን ቀየርኩ፤ ቀለሁን የሚጎትተውን ጥፍር መረመርኩ። ካባው ሄጄ ራሴ ተኮስኩበት፤ እንደ ሰዓት ሠራ። ሰይድን ጠርቼ አስተኮስኩት፤ ለሱም ሠራ። ሻለቃው መጥተው አጠገቡ ሲቆሙ ያዘ።

ጥበቃዎቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። «የሻለቃው ዓይን ነው» ተባለ። ወሬው ጆሯቸው ደረሰ። «በዓይኔ ሽጉጥ ማቆም ብችል እናንተን ምን ልታደርጉልኝ እቀጥራችኋለሁ!» ብለው ጮኹ። ከዚያም ወደ ሰይድ ዞሩ። «ነገ የመጨረሻህ ነው። ካልሆነ ዱላህ እየጠበቀህ ነው።»

ሰይድ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «እትዬ ብዙነሽ፣ እርስዎ አይዘኑ። ዱላውም ሥራ ነው» አለኝ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እሱ እኔን ማጽናናቱ አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሻለቃው በስተቀኙ ቆሙ። እኔ እስከዚያ ቀን ዓይኔን ከሽጉጡ ነቅዬ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ተስፋ ቆርጬ ሽጉጡን ትቼ ሰይድን ማየት ጀመርኩ።

ሰይድ አንገቱን ሰበር አደረገ። ሽጉጡን በቀኝ እጁ ዘረጋ፤ ግራ እጁን የቀኝ ክንዱ ሥር ደገፍ አደረገ፤ የእጁን አንጓ አለሰለሰ። ለትልቅ ሰው ውኃ የሚያቀብል ሰው አቋቋም ነው። ሻለቃው ፊት እየተኮሰ ሳይሆን እያቀበለ ነበር! እንዲህ ያለው ሽጉጥ ደግሞ የያዘው እጅ ካልጠነከረለት ወደ ኋላ በደንብ አይሄድም፤ ቀለሁንም አይተፋም።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩና ለሻለቃው ነገርኳቸው።

«ሰይድ፣ አታክብረኝ!» ብለው አዘዙ።

«እሺ ጌታዬ» አለ፤ እጅ ነስቶ። ተኮሰ። ያዘ።

ትህትና በትእዛዝ እንደማይወጣ ያኔ ገባኝ። ሽጉጡን አጽድቼ ጥይቱን አወጣሁና ለሻለቃው ሰጠኋቸው። «እስቲ እርስዎ ያቀብሉት» አልኳቸው። አቀበሉት።

«ሰይድ፣ ከትልቅ ሰው እጅ ዕቃ እንዴት ነው የምትቀበለው?»

«ወላሂ እትዬ፣ በሁለት እጅ ነዋ!»

«ቢወድቅብህስ?»

«አላህ አያምጣው! ነውር ነው።»

«እንግዲያው አሁን የተቀበልከው የሻለቃውን ዕቃ ነው። እንዳይወድቅብህ።»

ሰይድ በሁለት እጁ አፍኖ ያዘው። ብረቱ አሳዘነኝ። አጎረስንና ተኮሰ።

ቀለሁ በቀኝ በኩል ተወርውሮ የሻለቃው ኮሌታ ውስጥ ገባ። ገና ትኩስ ነው። ሻለቃ ደምሴ ቁልፋቸውን እየበጠሱ ካባው መሃል እስክስታ ወረዱ። ሰይድ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ግን ጥይቱን ሁሉ ተኩሶ እስኪጨርስ ሽጉጡን አላላላም። ዕቃው የትልቅ ሰው ነዋ!

«አልፏል!» አሉ ሻለቃው፣ ሸሚዛቸውን እያራገፉ። «ከአጠገቤ ውሰዱልኝ!»

ሰይድ ዛሬም ቂሊንጦ ታጥቆ ይጠብቃል። አማቶቹ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ የምለው ይህን ነው። ሽጉጡን ከመፍታታችሁ በፊት የያዘውን ሰው እዩ። አለቃችሁንም በስተግራ አቁሙት።