የማይለቀቅ ወረፋ

የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከአምስተርዳም ኖርድ በጀልባ እየተሻገርን ለእጥበት ወደ ሆስፒታል እንሄድ ነበር። እሱ ከማሽኑ ጋር ሲያያዝ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሹራብ መሥራት አልወድም፤ ስለዚህ አስባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማስበውም አንድ ነገር ነበር፤ ከሞተ ሰው የተገኘ ኩላሊት ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ማን ነው?

በጸሎት ቤታችን መልስ ያጣ ሰው አልነበረም። አንድ ወንድም «ሮተርዳም አስመዝግቢው፤ ሆስፒታሉ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ይደርሰዋል» አለኝ። ከዴን ሃግ የምትመጣ እህት ደግሞ የሚያውቁት ሰው ከሌለ ወረፋው ንቅንቅ አይልም አለች።

የእጥበት ክፍሏን ነርስ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ መልሱን ግን አልነፈገችኝም። ኩላሊት ለሆስፒታሎች በድርሻ አይታደልም። የሁሉም ሆስፒታል በሽተኞች፣ የጎረቤት አገሮቹ ጭምር፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው። የደም ዓይነት ይታያል፣ የሰውነት መስማማት ይታያል፣ የቆዩበት ጊዜ ይቆጠራል።

«ዘግይቶ የተመዘገበ ሰውስ?»

«ቆጠራው የሚነሳው ከመጀመሪያው እጥበት ነው» አለችኝ።

ይህ ፍትሐዊ መሰለኝ። የሚለመን ሰው የሌለበት ወረፋ መሆኑ ግን ለእኔ አዲስ ነበር።

ከባለቤቴ ጎን ባለው ወንበር አንዲት የወሎ ልጅ ትታጠብ ነበር። ከአምስተርዳም አጠገብ ካለችው ከዲመን ነው የምትመጣው፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። ሙስሊም ናት። «አባባ፣ ትናንት ለእኔም ጸለያችሁ ወይስ ለራሳችሁ ብቻ?» እያለች ታሾፍበታለች። እሱም «አንቺንማ አስቀድመን ነው» ይላታል። የደም ዓይነታቸው አንድ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ግን ወረፋ ሲነሳ ተራዋን የሚሻማት እየመሰለው ወሬ መቀየር ጀመረ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልክ ተደወለ። ዶክተሯ ናት። እሱ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጎታል፤ እኔም እሰማለሁ። ኩላሊት ተገኝቷል፣ ትኩሳት አለዎት ወይ፣ መምጣት ይችላሉ ወይ አለችው።

«አጠገቤ ለምትታጠበው ልጅ ስጧት» አላት። «ልጆች አሏት። እኔ እቆያለሁ።»

አነጋገሩ በር ላይ «ይቅደሙ» እንደሚባለው ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» የሚል ይኖራል። ዶክተሯ ግን አልተግደረደረችም።

«አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን አይቻልም። ይህ ኩላሊት ከአዛውንት የተገኘ ነው፤ የሚሰጠውም ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት በላይ ለሆነ፣ ብዙ ሳይጓዝ እንዲደርሳቸው በቅርብ ለሚገኙ ነው። እርስዎ ከተዉት ለሚቀጥለው አዛውንት ይደርሳል።»

«እሱ ማነው?»

«አላውቅም። ባውቅም አልነግርዎትም።»

ባለቤቴ ለሚያውቃት ልጅ ሊለቅ የተዘጋጀውን ለማያውቀው ሽማግሌ መልቀቅ አለመልቀቁን እያሰበ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ጥያቄውን በወደድኩት። ግን ዶክተሯ እየጠበቀች ነው፤ እሱ ደግሞ ደረጃችንን ሳያርፍ መውጣት ካቃተው ቆይቷል። ሌላ ስልክ እስኪመጣ በሕይወት ይቆያል ብዬ አላመንኩም። ስልኩን ከእጁ ወሰድኩና «እንመጣለን» አልኳት።

«ጫማህን አድርግ» አልኩት።

ታክሲ ውስጥ «ልጅቷን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለኝ።

ኩላሊቱ ወዲያው አልሠራም። የአዛውንት ኩላሊት አንዳንዴ ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው አሉን፤ እስከዚያ እጥበቱ ቀጠለ። በዚህ መሃል የወሎዋ ልጅ ልትጠይቀው መጣች። እሱ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ልጄ፣ ለእሷ ስጡ ብያቸው ነበር።»

«እማማ ነገሩኝ» አለች ወደ እኔ እያየች፣ ወንበር እየሳበች። «አባባ፣ የሽማግሌ ኩላሊት ሊያሸክሙኝ ኖሯል? እኔ እኮ የጎረምሳ ነው የምጠብቀው።»

ሳቀ፤ ስፌቱ አመመውና «ተይኝ አንቺ ልጅ» አላት። ከዚያ በኋላ ሳይነካ ሲመልሰው የነበረውን ምግብ መብላት ጀመረ።

በሚቀጥለው ሳምንት በተገጠመለት ቱቦ ውስጥ ሽንት ታየ፤ ኩላሊቱ ነቅቷል። ነርሱ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። አመሰገንኩ፤ ለእግዚአብሔርም፣ ለነርሱም። ወዲያው ግን ያ የሚቀጥለው አዛውንት የየት ከተማ ሰው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሊደወልለት ጥቂት ቀርቶት እንደነበር እንኳ አያውቅም።