አረፈች ያልኩ ቀን

ዲላ ላይ የመስመር ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ሲመጣም ጉልበት የለውም፤ ግቢያችን ግርጌ ካለው ቧንቧ ሽቅብ ወደ ታንከሩ የሚወጣው ፓምፕ ሲገፋው ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት የሚውል ሰው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከሥሩ ጣሳ ደቅኖ፣ ጆሮውን ጥሎ መጠበቅ አለበት። በእኛ ቤት ያ ሰው እናቴ ነበረች። ውሃው ጣሳውን መምታት ሲጀምር የድንጋዩን ደረጃ ወርዳ ፓምፑን ትሰካለች፤ ከዚያ አጥሩ ጋ ቆማ "ውሃ መጣ!" ብላ ትጣራለች። ሰፈሩ ጀሪካኑን የሚያነሳው በእሷ ድምፅ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚያ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ዳሌዋ ሌላ መውደቅ እንደማይችል፣ ከወደቀች አልጋ ላይ እንደምትቀር ነገረኝ። እኔ ደግሞ ይርጋጨፌ ድረስ በየቀኑ እየተመላለስኩ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ስበት ሳስረዳ የማስበው ያንን ደረጃ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም።

በመጨረሻ መዳፍ የማትሞላ፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቧንቧው ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ይገባል፤ ውሃ ሲነካቸው ትንሿ ሰሌዳ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ታንከሩ ሲሞላ ወይም ውሃው ሲቋረጥ ታጠፋዋለች። ወረቀት ላይ ቀላል የሆነ ነገር ሁሉ ግን ግቢያችን ሲደርስ ይከብዳል። መጀመሪያ ሽቦዎቹ ዝገው አረንጓዴ ሆነው ዝም አሉ። ቀጥሎ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሰሌዳዋ ውሃ በሌለበት ፓምፑን አስነስታ ልታቃጥልብኝ ነበር። ይህንንም አስተካክዬ ጨረስኩ ስል፣ ሰሌዳዋን ያስቀመጥኩባት የምሳ ዕቃ ሞቅ ስለምትል ጉንዳን ገባባት። ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጉንዳን ስጠርግ፣ እናቴ ዝናብ እንዳይመታት ብላ የእንሰት ቅጠል ታለብሳት ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው የተማርከው?" ትለኛለች።

የኋላ ኋላ ሰሌዳዋ ሠራች። ውሃ መጣ፣ ታንከሩ ሞላ፣ ፓምፑ ጠፋ፤ እናቴ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ እያንቀላፋሁ ሳለ፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ጌዴኦ ጎረቤታችን ባዶ ጀሪካን እንዳንጠለጠለች መስታወቱን አንኳኳች።

"መምህር፣ እማማ ምን ሆነ? ድምፁ ጠፋ እኮ!"

"አረፈች እኮ!" አልኳት ዓይኔን ሳልገልጥ። "እኔም ተገላገልኩ።"

ሚኒባሱ ተነሳ። ዞር ብዬ ሳያት ጀሪካኗን ጥላ ሁለት እጆቿን አናቷ ላይ ጭናለች። መኪና ያመለጣት መስሎኝ መልሼ ተኛሁ።

ከሰዓት ስመለስ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ቆመዋል። በራችን ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ይታያሉ። ወደ ጭንቅላቴ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃው። ሰሌዳዋ ተበላሽታ፣ እናቴ ልታያት ወርዳ፣ ወድቃ። ቦርሳዬ የት እንደቀረ አላውቅም። አጥሩን ይዤ ገባሁ፤ ግቢው መሃል፣ በርጩማ ላይ፣ እናቴ ተቀምጣለች።

ለካ እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ የለቅሶ ጩኸት ስትሰማ "ደግሞ ማን ሞተ?" ብላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አብራ ልታለቅስ ደረጃውን በሩጫ ወርዳለች። ያን ሁሉ ሽቦ የዘረጋሁት ያን ደረጃ እንዳትወርድ ነበር።

"እራሱ ነግሮኛል!" ትላለች ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች። "አረፈች፣ ተገላገልኩ አለኝ! ሰው እናቱ ሲሞት ተገላገልኩ ይላል እንዴ ብዬ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሥራ አረፈች ማለቴ ነው ብል የሚሰማኝ አልነበረም። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሰነበተው ድካም ሁሉ በዚያ ወጣ።

እናቴ ለብቻችን እስክንሆን ጠበቀች።

"አንተን ብቻ ሰምተው መሰለህ ያመኑት?" አለችኝ። "ዝም ካልኩ ሰነበትኩ እኮ።"

ፓምፑ ሲነሳ ከወንበሯ አጠገብ የምትጮህ ትንሽ ደወል ጨመርኩ። አሁን ደረጃውን አትወርድም፤ በረንዳው ላይ ሆና ትጣራለች። ጉንዳኑ ዛሬም ይመለሳል፤ እኔም ዛሬም ጫማዬን ሳላወልቅ እጠርጋለሁ። ከሚኒባስ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ግን ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ድምፅ ከሌለ እግሬ ራሱ ይፈጥናል። ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው ካየሁ ደግሞ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፤ እናቴ አላረፈችም።