ወንድይራድ ዝም ያለበት ረቡዕ

ሚስቱ ሄርሜላ የላከችለት መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ነገ ከሰዓት የረሆቦት ትምህርት ቤት ትፈለጋለህ፤ እኔ ፈረቃ ነኝ።» በቃ! ከዚያ ስልኳን ቆልፋበት ወደምትንከባከባቸው አዛውንቶች ገባች።

ወንድይራድ ሆላንድ ውስጥ፣ ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የቁርስ ዕቃ እያጠበ ነበር። «ትፈለጋለህ» የምትለዋን ሲያነብ የያዘውን ሳህን መልሶ ውሃው ውስጥ ከተተው። እሱ ባደገበት በደብረ ብርሃን ወላጅ ትምህርት ቤት የሚፈለገው ልጁ መስኮት ሲሰብር፣ ሰው ሲፈነክት፣ ወይ ሲኮርጅ ሲያዝ ነው። ለምስጋና የተጠራ አባት አይቶ አያውቅም። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ እኮ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ «እባክህ አጎቴ ሁንልኝ» እያለ ይለምን ነበር!

ሰውዬው በደህናውም ቀን ዕረፍት የለውም። ሲቀመጥ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነሳ አፉ ይቀጥላል። ሮተርዳም ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናቸው ማስታወቂያ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሲሰጡት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ካልጠረጉለት ከመድረክ አይወርድም። ያን ቀንማ ባሰበት። ብርጭቆ ሰበረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላ ሰበረ። ለሄርሜላ ደወለ፤ አይነሳም። «ምን አድርጋ ይሆን? ይቺ ልጅ ምን ጉድ አመጣችብኝ?» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት የሥራ ሰዓቱ አለቀ።

የዘጠኝ ዓመቷ ረሆቦት እንደ ወትሮዋ ትራም ማቆሚያው ላይ ጠበቀችው። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እንዲመጣላት ፈልጋ አታውቅም።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አላት፣ ገና ትራሙ ውስጥ ሳይቀመጡ።

አልሰማም። ዘዴ ነው። የእኛ ወላጆች የታወቀ ዘዴ፤ አውቄያለሁ ይሉና ልጅየው ራሱ ይዘከዝክላቸዋል።

«ምኑን ሰማህ?»

«አንቺው ንገሪኝ። ካንቺ አፍ ከሰማሁ አልቆጣም። ነገ ከመምህርሽ ከሰማሁ ግን አንላቀቅም።»

«ኒክስ፣ ፓፓ! ምንም አላደረግኩም።»

«ረሆቦት!»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየና ‘ያዝኳት’ አለ በልቡ። እንዲያውም ትንሽ ኮራ።

«እሺ» አለች። «አንተ ትምህርት ቤት እንዳትመጣ የማደርገው እኔ ነኝ።»

«እ?»

«ሁልጊዜ። መጽሐፍ የሚያነቡልን ወላጆች ሲጠሩ፣ ለጉብኝት ስንወጣ፣ ስንዘምር። ማማ ትምጣ የምለው እኔ ነኝ። ዩፍ አባትሽስ ስትለኝ ሥራ አለው እላታለሁ።» ዩፍ የሚሏት መምህርታቸውን ነው።

«ምን በድዬሽ ነው ልጄ?»

«ስድስት ዓመቴ እያለ መጥተህ ዩፍን ምን እንዳልካት ረሳኸው? ‘ካጠፋች ግረፏት’ አልካት። እየሳቅክ።»

ወንድይራድ አስታወሰ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛው «ልጅቷ የእርስዎ ናት፤ ካጠፋች ይግረፏት» ብሎ ነበር። አባቱ ለእሱ መምህር ያሉትን ነው ያለው። አምኜዎታለሁ፣ ከእናቷ ለይቼ አላይዎትም ማለት እኮ ነው! እሱ ራሱማ ልጁ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ክትባት ስትወጋ አብሯት ያለቀሰ ሰው ነው።

«ከዚያ ዩፍ ትንሿ ክፍል ወሰደችኝና ‘ፓፓ ይመታሻል?’ አለችኝ። አይ አልኳት። ‘እርግጠኛ ነሽ?’ አለችኝ። አንድ ልጅ ደግሞ አባትሽ ከመታሽ የመንግሥት ሰዎች ከቤት ይወስዱሻል አለኝ። አንተ ደግመህ ከመጣህ ደግመህ ትላታለህ ብዬ ፈራሁ።»

መውረጃቸው አለፋቸው። ሁለቱም አላዩም።

ሦስት ዓመት! ይቺ ጨቅላ ለብቻዋ ቤቷን ስትጠብቅ ኖራለች፤ እሱ ደግሞ ‘ልጄ እናቷን ትወዳለች’ እያለ ደረቱን ነፍቶ ይዞራል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። ሊያቅፋት ፈለገ፣ ሊስቅ ፈለገ፣ ማብራራት ጀመረና ተወው።

«ታዲያ ነገ ለምንድን ነው የጠሩኝ?»

«አባቶች ናቸው የሚመጡት። ነፋስ የሚያበረውን፣ ክር ያለውን ወረቀት፣ ፍሊኸር እንሠራለን።» ዓይኗን ጠረገች። «ና። ግን ምንም አትበል። ኤኽት፣ የምሬን ነው፣ ምንም!»

«ምንም» አለ ወንድይራድ።

ረቡዕ ከሰዓት የስፖርቱ አዳራሽ በጠረጴዛና በቀጫጭን እንጨት ተሞልቶ ጠበቃቸው። የዘንድሮዋ መምህርት ወጣት ናት፤ ድሮ የሆነውን አታውቅም። እጇን ዘርግታ እንኳን ደህና መጡ አለችው። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብላ ደገመችለት። አሁንም ነቀነቀ። በእንግሊዝኛ ሞከረች። በመጨረሻ ወንበሩን በጣቷ እያሳየች፣ ጮክ ብላ፣ «እዚህ። ቁጭ። ይበሉ» አለችው።

አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ኖሯል። የቋንቋውን ፈተና አልፏል፣ ከግብር ቢሮው ጋር በስልክ ተከራክሮ ረትቷል። አሁን እንደ ደንቆሮ እየተጮኸበት ጉልበቱ አገጩን በሚነካ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው አባት ስለ ነፋሱ ነገረው፤ እሱ አውራ ጣቱን አነሳለት። ጉልበቱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። አንድ እንጨት እጁ ላይ ተሰበረ፤ ኧረ አምላኬ ሊል ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ረሆቦት ከወረቀቱ ይልቅ አፉን ነበር የምታየው።

«አባትሽ መናገር አይችልም?» አላት ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ልጅ።

መምህርቷ ሰማችና ጎንበስ አለች። «ቋንቋችን ከብዷቸው ነው፤ አይዞሽ፤ አንቺ ታስተረጉሚላቸዋለሽ አይደል?» አለቻት፣ ልቧ ደግ ነው መቼም።

የረሆቦት ጆሮ ቀላ። አባቷን አየችው። ግንባሩ አልቦታል፣ ጣቶቹ በሙጫ ተጣብቀዋል፣ ማንም ያልጠየቀውን ፈገግታ ይዞ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል። እሷ ነች እንዲህ ያደረገችው።

«ይችላል!» ብላ ብድግ አለች፣ በሆላንድኛ። «አባቴ ይችላል! በጣም ያወራል! ከሰው ሁሉ በላይ ያወራል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። መቀሶቹ ሳይቀሩ ቆሙ። ልጅቷ ወደ እሱ ዞረችና በአማርኛ፣ «ፓፓ፣ ተናገር» አለችው።

ወንድይራድ ተነሳ። ያ ሁሉ ወሬ ምን እንደዋጠው እንጃ።

«እኔ የረሆቦት አባት ነኝ» አለ በሆላንድኛ። ድምፁ ተሰበረበትና ቆመ።

ልጅቷ ሙጫ የነካውን እጁን ያዘችው።

«ቀጥል» አለችው።