ፍሬን የሌለው ሰማይ

ዐዋጅ! በምድር የምትሽከረከሩ፣ በሰማይ የምትበሩ፣ በመካከሉም የተወጠራችሁ የልብስ ማስጫ ገመዶች ሁሉ ጆሯችሁን ስጡን! ከዛሬ እሑድ ጠዋት ጀምሮ፣ ከኳስ ሜዳው በላይ ያለው፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፈው ሰማይ በአንድ ቆራጥ ልጅ እጅ ገብቷል። ቆራጡ ልጅ ነቅቷል፣ ተደራጅቷል፣ ባትሪ ታጥቋል። ወፎች ቦታ ልቀቁ! አድሃሪው ነፋስ፣ አንተም አደብ ግዛ!

ልጅ ያልነው ጡረታው ደጅ የቆመ፣ ከራሱ ቀድሞ ሆዱ ቤት የሚገባ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሁሉም ጋሽ ፍሬን ይለዋል። በማሠልጠኛ መኪና ውስጥ በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለች፤ ይህ ሰው ዕድሜውን የፈጀው እሷን በመርገጥ ነው። ተማሪው ድመት ሳያይ እሱ አይቷል፤ ድመቷ ራሷ መንገድ ልሻገር ብላ ሳታስብ እሱ ረግጧል። ከእጁ ወጥቶ ፈተና የወደቀ እንደሌለ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። እውነቱን ነው። ከእጁ ወጥቶ ብቻውን መኪና የነዳ ስንት እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም፣ እየረገጠ ነበር።

የሄሊኮፕተሩ ነገር የጀመረው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። መንጋጋው አብጦ ሄደ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፣ መብራቱ ዓይኑ ላይ ቦግ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተከፍቶ ቃል አልወጣውም።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም?» አለች ሐኪሟ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ።

«እአ» አለ።

«‹አንቺ ሴትዮ፣ የያዝሽው መሪ ነው ወይስ የጠላትሽ አንገት?› ያሉኝ ነኝ እኮ። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።»

የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር በልማዱ ፍሬን ፈለገ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ግን ለበሽተኛው ፍሬን የለውም።

«አይዞዎት፣ ቂም አልያዝኩም። ሰፋ አድርገው ይክፈቱ።»

ከመርፌው ዓይኑን ሲያሸሽ መደርደሪያው ላይ አረፈ። በጄሶ ከተሠሩ ጥርሶች መካከል አንዲት ሄሊኮፕተር ተቀምጣለች፤ ሽንጠ ቀጭን፣ ጅራተ ረጅም፣ ክንፎቿ እንደ ቢላ የሳሱ። ጥርሱ ተነቅሎ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ ግማሽ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጥርሱ አልነበረም።

«ያቺ መጫወቻ ናት?»

«መጫወቻ አይበሏት፣ ትቀየማለች። በሬዲዮ ነው የምትታዘዘው። እሑድ እሑድ ኳስ ሜዳው ላይ እናበራለን። ለምን አይሞክሩም?»

«እኔ?» አለ ጋሽ ፍሬን፣ ምራቁን በመሐረብ እየያዘ። «ይሄን ሁሉ ዘመን መኪና ያስተማርኩ ሰው ለዚች ተርብ አላንስም።»

«እሱን ነው ማየት የምፈልገው» አለች።

እሑድ ጠዋት፣ ነፋሱ ገና ሳይነሳ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ተገኘ። የበራሪዎቹ አለቃ ሙጫ የሚባል የቀድሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከገዛ ቃሉ በቀር የተሰበረ ነገር ሁሉ በሙጫ ይጠግናል። ትምህርቱን እሱ ከፈተው።

«ስማኝ ወዳጄ፣ መኪና ስትተወው ይቆማል። ይቺ ስትተዋት ትወድቃለች። አየር ላይ አንድ ቦታ ማቆም ማለት ሳህን ላይ ብይ አስቀምጠህ እንዳይንከባለል መጠበቅ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«አልገባህም። ለማንኛውም ጀምር።»

የለማጅ ሄሊኮፕተር እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር ሁለት በትር በመስቀል ቅርጽ ይታሰርላታል፤ በበትሮቹ ጫፍ ኳስ ይሰካል። ሐኪሟ ያመጣቻት የራሷ ሄሊኮፕተር በዚህ ጌጥ ስትታይ ጫማ የተጫማች ፌንጣ መሰለች። ቀጥሎ የተማሪውና የአስተማሪዋ መቆጣጠሪያዎች በገመድ ተያያዙ። በሐኪሟ በኩል አንዲት ቁልፍ አለች። ተጭና ስትይዛት ሥልጣኑ የተማሪው ነው፤ ጣቷን ስታነሳ ሥልጣኑ ወደ እሷ ይመለሳል። ሥልጣን በዚህ ፍጥነት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የታየው እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

«ይሄማ የኔ ሁለተኛ ፍሬን ነው!» አለ ጋሽ ፍሬን ደስ ብሎት።

«ራሱ ነው» አለች። «ዛሬ ግን እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሄሊኮፕተሯ ተነሳች። የጋሽ ፍሬን ልብም አብራት ተነሳች። ወዲያው ወደ ግራ ሸሸች፤ ወደ ቀኝ መለሳት፤ ከመጠን በላይ ሄደች፤ ወደ ኋላ ጎተታት፤ ጅራቷን አዞረችበት። የቀኝ እግሩ መሬቱን ደበደበ። ሄሊኮፕተሯ ስለ እግሩ ደንታም አልነበራት። ሐኪሟ ጣቷን አነሳች፤ ፌንጣዋ አየር ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን እየረገጡ ነው?»

«ምንም!»

ሙጫ ከሳቁ የተነሳ ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ለሰው አልተረፈም። ኮምፒውተር ላይ በውሸት የሚበረርበትን መለማመጃ አስጫነ፤ ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን ሳይቀይር ሳሎን ይሰየማል። ባለቤቱ የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ትቆማለች።

«ዛሬስ ስንቱን ከሰከስክ?»

«ተሻሽያለሁ። አሁን ቀስ ብላ ነው የምትወድቀው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውደቅም ተነሳም፣ የጠረጴዛዬን እግር አትርገጥብኝ! ሻዩን ሁለቴ ደፋኸው።»

ግን ጣቶቹ ለመዱ። ሜዳው ላይ ጅራቷ ወደ እሱ እንደዞረ አንድ ቦታ ማቆም ቻለ። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው፤ ዞራ ፊት ለፊት ስታየው የእሷ ግራ የሱ ቀኝ ይሆንና ዓለም ይገለበጥበታል። እንዲህ በዞረች ቁጥር፣ እሱ አስቦ ሳይጨርስ፣ ሐኪሟ ጣቷን ታነሳለች።

«ተዪኛ!» ብሎ ጮኸ አንድ ጠዋት። «ልመልሳት ነበር!»

ሐኪሟ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደሌላው ጊዜ ተንከትክቶ አላበቃም።

«እኔም ልቆም ነበር» አለች።

«የት?»

«በርስዎ መኪና ውስጥ። ገበያው ጥግ፣ ሽማግሌው ሰውዬ ካርቶን ተሸክመው ሲሻገሩ። አይቻቸው ነበር ጋሼ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ደርሶ ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ። ከዚያ ፈተናውን አለፍኩ፣ መንጃ ፈቃዴን ወሰድኩ፣ እስካሁን ግን በታክሲ ነው የምሄደው። ልቆም ነበር ወይስ አልነበረም? ማን ይነግረኛል?»

ጋሽ ፍሬን ሽማግሌውን አላስታወሳቸውም፤ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ካርቶን፣ ስንት ድመት ፍሬን ረግጦ አሳልፏል! ግን ጥያቄው የገባው አሁን ነው፣ ምክንያቱም የራሱም ጥያቄ ሆኗል። ልመልሳት ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ሳያውቅ መሞት አልፈለገም። አዎን፣ ነገሩ ይኼን ያህል ከብዶበታል። እናንተ ሳቁ።

«ገመዱን ንቀዪው» አለ።

«ሄሊኮፕተሯ የኔ ናት እኮ። ቢሰብሯትስ?»

«መኪናዬን ትነጃለሽ። ዛሬ፣ ከዚህ እስከ ቤትሽ።»

«እርስዎ ጎኔ ተቀምጠው? አመሰግናለሁ፣ በታክሲ ይሻለኛል።»

ጋሽ ፍሬን በዚያች መኪና ውስጥ ከፊት ካልሆነ ተቀምጦ አያውቅም። «ከኋላ» አለ። «ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።»

ሙጫ ኮፍያውን አወለቀ። «ወገኖቼ፣ አብዮት ተነሳ!»

ሐኪሟ አንድ ጊዜ ከሜዳው ዳር የቆመችውን ማሠልጠኛ መኪና፣ አንድ ጊዜ ሰውየውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገመዱን ነቀለችና መቆጣጠሪያዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። እጆቿን ኪሷ ከተተች።

«ፊቷን ስታዞርብዎ ግራና ቀኝ ብለው አያስቡ» አለች። «ወደምታዘነብልበት ጎን የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ይግፉ። የሚወድቅ አጥር በትከሻ እንደሚደገፍ። በቃ።»

ሄሊኮፕተሯ ተነሳች። ጅራቷ ወደ እሱ እንደሆነ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ነፋሱ፣ ያ ዐዋጁን ያልሰማ ነፋስ፣ ከአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ ጎኗን ገፋት። ዞረች። ፊት ለፊት አፈጠጠችበት፣ ወደ ቀኙም አዘነበለች፣ ወደ ግብ ብረቱ መሸሽ ጀመረች።

እግሩ መሬቱን ረገጠ። ማንም አልመጣም።

«ኧረ ያዙልኝ!» አለ።

«የለሁበትም!» ብላ ጮኸች ሐኪሟ፣ እጆቿ ኪሷ ውስጥ እንዳሉ።

ያን ጊዜ ጣቱ ያንን የሚወድቅ አጥር ደገፈ። ዘንጉን ወደ ቀኝ፣ ወደምትወድቅበት ገፋው። ሄሊኮፕተሯ ከግብ ብረቱ ፊት ተንገዳገደች፣ ቀና አለች፣ ቆመች። ቆመች! እንደ ሐኪሟ አይደለም፤ እንደ ሰከረ ሰው፣ ወዲህ ወዲያ እያለች፤ ግን ቆመች። ጋሽ ፍሬን ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረዳት። ኳሶቹ ሣሩን ነኩ፣ አንዴ ነጠሩ፣ አረፉ። ክንፎቿ እየዘገዩ፣ እየዘገዩ፣ ዝም አሉ።

«መለስኳት!» አለ። ከዚያ ለሰማዩ፣ ለሙጫ፣ ለግብ ብረቱም ደጋግሞ ነገራቸው። «መለስኳት እኮ! እኔ ነኝ የመለስኳት!» ያ ሆድ፣ ያ ግርማ ሞገስ፣ ሜዳው ላይ ሲዘል ብታዩት! ሙጫን ከመሬት አንስቶ አቀፈው፤ ሙጫም «አውርደኝ፣ እኔ ኳስ አልታሰረልኝም!» እያለ ተንፈራገጠ። ሐኪሟ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ስትጨርስ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

መኪናዋ ውስጥ መስታወቱን አስተካከለች፣ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ፍሬን ከኋላ ወንበር ሄሊኮፕተሯን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ፈራሁ።»

«እኔ የባሰ ፈርቻለሁ» አለ። «ንጂ።»

ሞተሩ አንዴ ጠፋባት። እንደገና ጠፋባት። በሦስተኛው መኪናዋ ዘለል ብላ ተንቀሳቀሰች፤ ከሜዳው በር ወጣች፤ ዋናው መንገድ ላይ፣ ሙሉ ከተማ ከኋላዋ አሰልፋ፣ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ጀመረች። «አየሽ? ማንም አልረገጠ፣ አንቺው ነሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር እየተሰማ ነው።

እንግዲህ አንተ የተከበርከው አንባቢ፣ ሁልጊዜ የምትቸኩለው፣ ስትደርስ ግን የምትሠራው የሌለህ፤ ከፊትህ «ለማጅ» የሚል የለጠፈች፣ እየተንፏቀቀች የምትሄድ ነጭ መኪና ብታይ፣ እጅህም ወደ ጥሩምባው መሄድ ሲጀምር፣ እባክህን፣ እስኪ ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ ያንን እጅህን…