«ግራንድ ኦፕኒንግ» ተባለ፤ የገባ ግን የለም

ዛሬ ልጄ አጋሚም በሚባለው ሰፈር ፀጉር ቤት ከፈተች። ሪባኑን በሥራ መቀሷ ቆረጠች፣ በማይክሮፎን «ግራንድ ኦፕኒንግ!» ተባለ፣ ተጨበጨበ።

(ሰፈሩ ዕብራይስጥ፣ እኛ አማርኛ፤ እንግሊዝኛው ለማን እንደሆነ እንጃ።)

ሽማግሌዎቻችን ግን ከደጅ ንቅንቅ አላሉም። ልጄ ደንግጣ በዕብራይስጥ «አባ፣ ላማ ሎ ኒኽናሲም?» አለችኝ፤ ለምን አይገቡም ማለቷ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ከአገራችን እንደመጣን፣ አባቴ ግቫት ጺዮን ሰፈር የቅመም ሱቅ ሲከፍት ሪባን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆመው መረቁ፣ «አሜን» ብለን ገባን። በቃ፣ ተከፈተ።

ዛሬም የሚጠበቀው ይኸው ነበር። እናቴን ደግፌ በሩ ላይ አቆምኳት።

«እጅሽ ይባረክ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ» አለቻት።

ከሁሉ ቀድማ «አሜን» ያለችው ልጄ ናት። ይቺን ማንም አልተረጎመላትም።

የናንተንስ ደጅ ማን መርቆ ከፈተው?