ቃሬዛ ያስነሳው መልእክት

ወላጅን በስልክ ወደ ትምህርት ቤት መጥራት በእኛ ቀበሌ የተጀመረው በእኔ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ሲል ብሰማም ዝም አልልም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ ገና ወጣት መምህርት ነበርኩ። ምላሴ ግን ከዚያም በፊት የደረሰ ነበር፤ እናቴም ብትሆን ይህን አትክድም።

የዚያ አገር ወላጅ ክፉ አልነበረም። ልጁን ያስመዘግባል፣ ደብተር ይገዛለታል፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ይተወዋል። ግቢያችንን የሚረግጠው አጥር የሚታጠር ዕለት ብቻ ነው። ለስብሰባ ብንጠራው አይመጣም፤ እኔም አልፈርድበትም። በዚያን ዘመን ስብሰባ የማይጠራ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የማዳበሪያ ስብሰባ አለ፣ የተፋሰስ ስብሰባ አለ፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለ። ገበሬው ያቺን ቃል ገና ሲሰማ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ማዶ ይሻገራል። በልጁ እጅ ደብዳቤ ብንልክም ዋጋ የለውም። ልጅ መቼም ሞኝ አይደለም፤ ምን እንደሚል የገመተውን ወረቀት ወንዝ አያሻግርም።

ከዚያ ሞባይል መጣ፤ ያመጣውም በርበሬ ነው። በርበሬው የተሸጠለት ገበሬ ከቡሬ ስልክ ገዝቶ ይመለሳል። ሚስቱ በክር በሠራችለት ከረጢት ከትቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ባትሪው እንዳያልቅበትም አጥፍቶ ይይዘዋል። የሚከፍተው ገበያ ሲወጣ፣ አለዚያም በገበያ ዋዜማ የበርበሬ ዋጋ ለመጠየቅ ነው። ታዲያ እግዜር ሲያሳካው፣ በዚያ አካባቢ ኔትወርክ የሚይዘው ከትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ ባለችው ጉብታ ላይና ከማዶው ተረተር ላይ ብቻ ነበር። ለስብሰባ ስንጠራው የሚጠፋው አባት ሁሉ በገበያ ዋዜማ አጥራችን ሥር ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ አየሁና ሳቄ መጣ። ከሳቁ ቀጥሎ ሐሳቡ መጣልኝ።

በዚያው ሰሞን አጥር ለአጥር እየዞርኩ የአባቶችን ስልክ ቁጥር ለቀምኩ። ርእሰ መምህራችን «ደግሞ ምን አመጣሽ?» ቢለኝም አልከለከለኝም። የእኔ ስልክ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩ አጫጭር መልእክት መላክ ጀመርኩ። ልጅዎ ዛሬ ቀርቷል። ልጅዎ በርትቷል። አንዳንዱ አባት ለገበያ ስልኩን ሲከፍት መልእክቱ ይደርሰዋል፣ ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጎ ያስነብባል፣ በማግሥቱ ልጁን ራሱ አጅቦ ያመጣዋል። እኔም ኮራሁ።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሒሳብ ላይ ብርቱ ናት፤ እኔ ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ከንፈሯ ላይ አየው ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ግን በርበሬው ቀላ፣ እሷም ጠፋች። ስትመለስ ጣቶቿ ከመቃጠላቸው የተነሣ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታታል፣ ዓይኗን በስሕተት ከነካች ደግሞ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስታለቅስ ትውላለች። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ውጤት ሲደመር አልሆነላትም። ወደቀች።

ያስጨነቀኝ ውጤቱ አልነበረም፤ አባቷ ናቸው። ሲያስመዘግቧት በእኔ ፊት «ስምንተኛን ትሞክር። ከወደቀች ግን በቃ፣ እቤቷ ትገባለች» ብለው ነበር። ጨካኝ ሰው ሆነው አይደለም፤ ማሳው ሰፊ ነው፣ የሚሠራበት እጅ ግን ጥቂት ነው። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው መሆናቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የውጤት ካርዱ እጃቸው ሳይገባ ነገሩን ከእኔ ከራሴ እንዲሰሙና ተከራክሬ እንዳሸንፋቸው ፈለግሁ። የገበያ ቀን ነበርና ስልካቸው እንደሚከፈት አውቃለሁ። ጠዋት ጉብታዋ ላይ ወጣሁና ጻፍኩ፦ «ልጅዎ ወድቃለች። በአስቸኳይ ይምጡ።» ልኬም ወደ ክፍሌ ገባሁ። ለአስተማሪ በዚያ ሰሞን «ወደቀች» ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። አባቷ ቡሬ ገበያ ላይ የበርበሬ ጆንያቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ስልኩ ሲጮህ ሁልጊዜ በርበሬያቸውን ለሚገዛቸው ነጋዴ ሰጡት። ነጋዴው መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ፊቱም ተለወጠ። ደግሞ ጮክ ብሎ አነበበላቸውና፣ «በርበሬህን እኔ እጠብቅልሃለሁ። አንተ ሂድ» አላቸው። እሳቸውም እዚያው ቆመው ወደ ቃሬዛ ማኅበሩ ሙሴ አስደወሉ።

ሙሴ ማለት የማኅበር አለቃ ነው። የቃሬዛ ማኅበር ደግሞ መኪና በማይገባበት በዚያ አገር እንደ አምቡላንስ ነው፤ የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በማኅበርተኛው ትከሻ ነው። አባል ያልሆነ አባወራ የለም። ጥሪ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ ይልቅ ግን ሐሜቱ ይብሳል። የሙሴው ቤት ኔትወርክ በሚይዘው ተረተር ላይ ስለሆነ የሳቸው ስልክ አይጠፋም። «ልጄ ትምህርት ቤት ወድቃለች፤ ድረሱልኝ» ሲባሉ ተረተሩ ጫፍ ላይ ቆመው አገሩን ጠሩት።

እኔ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። የሩጫ ድምፅ ሰምቼ በመስኮት ብመለከት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከፊት ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከኋላ መቀነታቸውን ያጠበቁ ሴቶች። የልጅቷ እናት ከሁሉም ቀድማ፣ ነጠላዋ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ እያለቀሰች ትመጣለች። ልጅቷም ልክ እንደሌሎቹ ተማሪዎች ማን ሞቶ ነው ብላ በሩ ላይ ወጣች። እናትየው አየቻትና ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ሁሉም ልጅቷን ከበው ይዳብሷት ጀመር።

«የቱጋ ነው የወደቅሽው? ከዛፍ ነው?»

«ኧረ የትም አልወደቅሁ።»

«ታዲያ ማነው ወድቃለች ያለው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ፣ «ፈተና ነው የወደቀችው» አልኩ። ሙሴው፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ሽማግሌ፣ ረጋ ብለው ቃሬዛውን አስወረዱና፣ «እኛ ሰሙን ይዘን ሮጥን፤ ወርቁ ለካ እርሰዎ ዘንድ ቀርቶ ኑሯል» አሉኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ፊቴ እንደ በርበሬው ቀላ።

ርእሰ መምህሩ ይቅርታ ጠይቆ ሊያሰናብታቸው አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ስንት ጊዜ ለምነን ያላገኘነው ወላጅ፣ አባት ብቻ ሳይሆን እናትም ጭምር፣ በሩጫ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ አይገኝም። «ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡ» አልኳቸው። ድካሙ ይሁን ሳቁ እንጃ፣ ቃሬዛውን መሐል አድርገው ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እኔም በበርበሬ ለቀማ የቀሩትን ልጆች በየአባታቸው ፊት፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ርኅራኄ ዘረዘርኩ። እናቶቹ ባሎቻቸውን በክርናቸው ሲጎስሙ አያለሁ። አፌን ሞልቼ የምናገርለት ስብሰባ ያ ነበር።

ወሬው ሳያልቅ አባቷ ደረሱ። እስከ መገንጠያው በአይሱዙ፣ ከዚያ ወዲህ በሩጫ ነው የመጡት። ከእግር እስከ ራሳቸው አቧራ ለብሰዋል፣ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ መቀመጡን፣ ቃሬዛውም መሐል መሬት ላይ መውረዱን አዩ። ምን እንደመሰላቸው ለመናገር ቃል የለኝም። ዋርካው ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ቀጥ ብለው ቀሩ።

«አባየ» አለች ልጅቷ፣ ከእናቷ ጎን ብድግ ብላ።

በሁለት እጃቸው ጭንቅላቷን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቁማ እያየኋት ወድቃለች ይሉኛል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፈተና መሆኑን፣ ቀሪው መንፈቅ ዓመት ከተያዘ ሊካካስ እንደሚችል፣ የወደቀችውም ማሳቸው ውስጥ በርበሬ ስትለቅም እንጂ ክፍል ውስጥ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ተናድጄ ስለነበር ድምፄ ከልክ በላይ ከፍ ሳይል አልቀረም። አንገታቸውን ደፉ። ሲያስመዘግቧት የተናገሩትን እሳቸውም ያውቃሉ፣ የተቀመጠውም ሕዝብ ያውቃል። ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ሙሴው ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሩ። «የዚህ ማኅበር ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የወደቀ ማንሣት ነዋ» አለ አንዱ።

«እንግዲያማ ይችው ወድቃለች። ቃሬዛ ወጥቶ ባዶውን አይመለስም።»

በማኅበሩ ሕግ አንድ ሰው በቃሬዛ ከሄደ፣ እስኪመለስ ድረስ የቤቱን ሥራ ማኅበርተኛው እየተፈራረቀ ይሠራለታል። ልጅቷም ሰኔ ላይ ለክልሉ ፈተና እስክትቀመጥ ድረስ በቃሬዛ እንደሄደች ይቆጠር ተባለ። ከሚያዝያ ጀምሮ የችግኝ መደቡን ውኃ ማጠጣት የእሷ ሥራ ስለነበር፣ ጎረቤቶቿ ተራ ገቡ። ቀረ የሚባለው የአባትየው ቃል ብቻ ሆነ።

«እኔ ከቡሬ እዚህ ድረስ በልቤ ስቀብራት ነው የመጣሁ» አሉ። «ቁማ ካገኘኋትማ፣ ትማር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ ቀለለ። ልጅ ሲቀር ለሙሴው እደውላለሁ፤ እሳቸው ተረተሩ ላይ ቆመው የቀረውን ልጅ በአባቱ ስም ይጣራሉ፣ ሸለቆው በሙሉ ይሰማል። ይህን ጥሪ የማይፈራ ተማሪ አልነበረም። አባቶችም ስልካቸውን ጠዋት ጠዋት ጉብታዋ ላይ መክፈት ለመዱ፣ ከከፈቱም አይቀር ጎራ ብለው ይጠይቁኛል። በእኔ ላይ የተጣለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ «ፈተና» የሚለውን ቃል ሳላስቀድም ልጅ ወደቀ ብዬ እንዳልጽፍ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤት የመጣው በክረምቱ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ርእሰ መምህሩ ደውሎ ነገረኝ። ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ለአባቷ «ልጅዎ አልፋለች» ብዬ ጻፍኩና ልልክ ስል አውራ ጣቴ ቆመ። አለፈች! ይህንን ደግሞ የትኛው ገበያ ላይ፣ ማን ሊያነብላቸው ነው? አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፦ «ልጅዎ የስምንተኛ ክፍል ፈተናን አልፋለች። ቃሬዛ አያስፈልግም።» መልስ አልመጣም። ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

መስከረም ላይ ወደ ሥራዬ ስመለስ መገንጠያው ላይ ከመኪና ወረድኩ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ቀና ብል ከላይ ቃሬዛ ይወርዳል። አራት ወንዶች ተሸክመውታል፣ ጋቢ ተሸፍኗል፣ ከፊት አንገታቸውን ደፍተው የሚመሩት አባቷ ናቸው። እናቷን አየሁ። ሙሴውን አየሁ። እሷን ግን ፈልጌ አጣኋት። ያልተመለሰልኝ መልእክትና የተዘጋው ስልክ ትዝ አሉኝ። ሻንጣዬን መንገድ ላይ ጥዬ ሽቅብ ሮጥኩ፤ አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ስደርስ ምንም ሳልጠይቅ ጋቢውን ገለጥኩት። በማዳበሪያ የተሞላ ጤፍ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ድስት፣ ጀሪካን፣ የተቋጠረ በርበሬ። ቡሬ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ለምትማር ልጅ የሚሆን ጓዝ ነው። ልጅቷ ከተሸካሚዎቹ ጀርባ፣ አዲስ ደብተሮቿን አቅፋ፣ በዚህ ሁሉ አጀብ አፍራ ተደብቃ ነበር።

አባቷ አቀርቅረው ይስቃሉ። «መልእክተዎ ደርሶኛል» አሉኝ። «ግና ያን ቀን እኔ ብቻየን ደንግጨ ልቀር ኑሯል?»

ልመልስላቸው ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም አሳዘንኳቸው መሰለኝ ወርደው ጫማዬን ከጭቃው አወጡልኝ። ብዙም ሳይቆይ አይሱዙ መጣ፤ ጓዙ ተጫነ፣ ልጅቷም ሁሉንም እየሳመች ከአባቷ ጋር ወጣች። መኪናው ወደ ቡሬ ሲነሣ ማኅበርተኞቹ ባዶውን ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እኔን መሐላቸው አስገብተው፣ ወደ ላይ ተመለሱ።