የተቀባዩ ሚስት

ዶቨር ሰፈር ያለን የሀገር ሰዎች ብዙዎቻችን ካናዳ፣ ካልጋሪ የገባነው በአንድ ጃኬት ነው። ጥቁር፣ ኮፍያው ላይ ጠጉር ያለው፣ ለማንም ልክ የማይሆን ጃኬት። ባለቤቱ የታክሲ ሹፌሩ አብዱልሰላም ነው። አዲስ ሰው ይመጣል ሲባል «ማን ይቀበለው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሺፍቱን አቋርጦም ቢሆን አብዱልሰላም ጃኬቱን በክንዱ አንጠልጥሎ የአየር ማረፊያው መውጫ ላይ ይቆማል። እኔንም ከብዙ ክረምት በፊት እዚያው አልብሶኛል። ከኔ በፊት የለበሰው ሰው ሽቶ እጅጌው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ማን እንደነበር ዛሬም አንዳንዴ አስባለሁ።

ሚስቱን አይሹንም ያገኛት እንዲሁ ነው። ከደሴ ስትመጣ የሚቀበላት ዘመድ አልነበራትም፤ «አንዲት ልጅ አለች፣ ሂድና አምጣት» ተባለ። ሄደ፣ አለበሳት፣ ሻንጣዋን አነሳ፣ እስከ ተከራየችው ምድር ቤት አደረሳት። መንገድ ላይ ያወሩት ስለ በረዶ ብቻ ነበር። በዓመቱ ኒካህ ታሰረ። አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ከአየር ማረፊያ ሲቀበል ምን ሊከተል እንደሚችል፣ እንግዲህ፣ አብዱልሰላም ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ያጫወተችኝ አይሹ ራሷ ናት፤ የቀረውን አብዱልሰላም ሞላልኝ። አውስትራሊያ የምትኖር ሲሃም የምትባል እህት አለቻት፤ ለዓመታት አልተያዩም። መሀል መንገድ እንገናኝ ብለው ባንኮክን መረጡ። የአይሹ አውሮፕላን ግን ከእህቷ በአንድ ቀን ቀድሞ፣ ያውም በምሽት ነበር የሚያርፈው።

«ግድ የለም» አለች አይሹ እራት ላይ። «ሲሃም ሰው አግኝታለች። ሪድዋን የሚባል የወሎ ልጅ ነው፤ እዚያ ልብስ እየገዛ ወደ አገር ቤት ይልካል። እስከ ሆቴሉ ያደርሰኛል።»

አብዱልሰላም የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ባለትዳር ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ዕድሜውስ?»

«አብዱ፣ በመኪናው ልሄድ ነው እንጂ ላገባው አይደለም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፉ ሄደ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ሰዎች ከባንኮክ አየር ማረፊያ ወደ ሆቴላቸው ሲሄዱ የቀረጹትን ቪዲዮ ያያል። ከኋላው ተራ የያዘው ሹፌር ጓደኛው መርዕድ ከመኪናው ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ።

«የባንኮክን መስመር ልትይዝ ነው እንዴ?»

«ሚስቴን አንድ ሰው ሊቀበልብኝ ነው።»

መርዕድ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ የስንቱን ሚስት ተቀብለህ የለም እንዴ! ማን ምን አለህ?»

«እኔ ሌላ ነኝ።»

«አይ አብዱ! አንተ መሆንህ እኮ ነው ያስፈራህ። አንተ እንዴት እንዳገባህ አናውቅም?»

አብዱልሰላም መስኮቱን ዘጋበት።

መሄጃዋ ሲቃረብ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማንም አያስፈልግሽም» አላት። «በሩ ላይ ታክሲ ታክሲ የሚሉሽን ዝም ብለሽ እለፊ። ታች ወረቀት የሚሰጥ ማሽን አለ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ቁጥር ጋ የቆመው ታክሲ ያንቺ ነው። የሂሳቡን ሜትር ማስነሳቱን እዪ። የሆቴሉን ስም በእነሱ ፊደል ስልክሽ ላይ አድርጌልሻለሁ፤ ለሹፌሩ ማሳየት ነው።»

አይሹ ልብስ ማጠፏን ትታ አየችው።

«አንተ ነህ ይህን የምትለው? ‹ሰው ከአየር ማረፊያ ብቻውን አይወጣም› ስትል የኖርከው?»

«ባንኮክ ሌላ ነው።»

«ባንኮክን የት አየኸው?»

«በስልክ።»

እሺም እምቢም ሳትለው ሄደች። የደረሰችበት ሰዓት እዚያ ምሽት፣ እዚህ ጠዋት ነበር። አብዱልሰላም ሰልፍ ላይ፣ መስታወቱን ብርድ የጋገረው ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ይጠብቃል። አሁን ያ ሪድዋን ሻንጣዋን አንስቶላታል፣ ይላል በልቡ። አሁን የመኪናውን በር ከፍቶላታል። እዚያ ሙቀት ነው፤ ጃኬት አያለብሳትም። ውሃ ይሰጣት ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ፤ እሱም ያው እንደ ጃኬቱ ነው። «ደከመሽ?» ይላታል፣ በወሎ አነጋገር።

ስልኩ ጮኸ።

«ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ማን አደረሰሽ?»

«እንዴት ነሽ አይባልም?»

«እንዴት ነሽ? ማን አደረሰሽ?»

«ታክሲ። ሪድዋንን አትምጣ አልኩት። ደስ አለህ?»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። «ሹፌሩ ሻንጣሽን አነሳልሽ?»

«በሁለት እጁ።»

«አወራሽ?»

«በምን ቋንቋ? ስማኝ አብዱ። መንገዱ አያልቅም፣ ጽሑፉ ሁሉ የማላውቀው ፊደል። የማላውቀውን ሰው ማጅራት እያየሁ ነው የመጣሁት። ‹ደረስን፣ አይዞሽ› የሚለኝ አንድ ሰው አጥቼ አለቀስኩ። ለአንተ ቅናት ብዬ።»

አብዱልሰላም ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔስ?» አለች። «ያን ጃኬት ስንቴ አጠብኩት? ስንቴ የሌላ ሴት ሽቶ ይዞ ቤቴ ገባ? ያቺን የበረዶ ወሬህን ለስንቷ እንዳወራሃት የማላስብ መሰለህ? ግን አንድ ቀን አትሂድ ብዬህ አውቃለሁ?»

ከኋላው የመርዕድ መኪና ጥሩንባ ጮኸ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ እሱ ብቻ ቆሟል።

«ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አለችውና ዘጋች።

ስትመለስ ጃኬቱን ይዞ ተቀበላት፤ ለበሰችው። ስለ ሲሃም ጤንነት፣ ስለ ባንኮክ ፍራፍሬ አወሩ። የቀረውን ሁለቱም አላነሱትም።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ናዝራዊት የምትባል ተማሪ ትመጣለች፣ ሰው የላትም የሚል ስልክ ተደወለ። አብዱልሰላም ጃኬቱን ከመስቀያው ሊያነሳ ሲሄድ መስቀያው ባዶ ነው። ዘወር ሲል አይሹ የራሷን ካፖርት ለብሳ፣ ጥቁሩን በክንዷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ልቀበል።»

ልጅቷ በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ ቀድማ የደረሰችው አይሹ ናት። አለበሰቻት፤ ዚፑን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላት። «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ» እያለች አቅፋ ይዛት ሄደች። አብዱልሰላም ሻንጣዎቹን እየጎተተ ተከተላቸው።

ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ አብዱልሰላም በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ይህ በረዶ...»

«እሱን እኔ እነግራታለሁ» አለች አይሹ። «አንተ ፊት ለፊትህን እያየህ ንዳ።»